ለሲልቨር ስፕሪንጉ የጭስ ማውጫ ሠራተኛ

ከሜሪላንድ የጻፍክልኝ ወጣት፣ በዲቪ ከመጣህ ሁለተኛ ዓመትህን እንደያዝክ፣ ላለፉት ስምንት ወራትም የተጎዱ የቤት ጭስ ማውጫዎችን አዲስ የብረት ቱቦ እያስገባ በሚጠግን ሰው ዘንድ በረዳትነት እንደምትሠራ ነግረኸኛል። ያስጠጉህ አክስትህ ግን ይህን «የጥቀርሻ ሥራ» ትተህ፣ ብድር ወስደህ በግል ኮሌጅ ነርሲንግ እንድትማር አጥብቀው ይጠይቁሃል፤ አንተም የቱን ልምረጥ ብለኸኛል።

እኔን ያስቆጣኝ «የጥቀርሻ ሥራ» የሚለው ቃል ነው። ምድጃ ውስጥ እንጨት ሲነድ በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ክሪዮሶት የሚባል ቅጥራን መሰል ነገር ይጋገራል፤ ይህ እሳት የያዘው ቀን የውስጡ የሸክላ ሽፋን በድንገተኛው ሙቀት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ሙቀትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤቱ ይገባሉ። ሌላው ጉዳት ደግሞ ለዓይን የተሰወረ ነው። ባለቤቱ ጭሱን በፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ በኩል የሚያስወጣ ዘመናዊ ማሞቂያ ሲያስገባ፣ የውኃ ማሞቂያው ለሁለቱ ማሞቂያዎች በተሠራው ሰፊ ጭስ ማውጫ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ ደካማው ትንፋሹ ጫፍ ሳይደርስ ይቀዘቅዝና አሲድነት ያለው ውኃ ሆኖ የጡቦቹን ማያያዣ ይበላዋል። ይህን ለይቶ ለእንጨት የትኛው ብረት፣ ለጋዝ የትኛው እንደሚሆን መምረጥ፣ የክቡ ቱቦ ስፋት በካሬ ሲለካ ከምድጃው አፍ ስፋት ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱን እንዳያንስ ለክቶ መቁረጥ፣ የሙቀት መከላከያ አልብሶ ከጣሪያ ማውረድ ጥቀርሻ መጥረግ አይደለም። አክስትህ ነርሶችን የሚያከብሩት ሰው ስለሚያተርፉ ከሆነ፣ ተኝቶ ሳለ በጋዝ ሊታፈን የነበረን ቤተሰብ የሚያተርፍንም ሊያከብሩ ይገባል።

አፄ ምኒልክ በእጁ የሚሠራን ሰው በሙያው የሚሰድብን የሚያወግዝ አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቷል። በግልጽ ልናገርና አክስትህን የሚያስፈራቸው የአንተ ነገ ሳይሆን በማኅበር ላይ «ልጁ ምን ይሠራል?» ሲባሉ የሚመልሱት ይመስለኛል። ብድሩን ግን የምትከፍለው አንተ ብቻ ነህ። እኔም ዘመድ ላለማሳፈር ሁለተኛ ዲግሪ ተምሬ፣ ዕዳውን የጨረስኩት በማታ ትምህርት በተማርኩት የማሞቂያ ጥገና ሥራ ነው።

በደብዳቤህ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ አንተ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር ነው። እስከ ዛሬ የሠራኸው ቱቦ መሸከምና ባልዲ መጎተት ብቻ ነው፤ ክፍያህም እንደ ግል ተቋራጭ 1099 በሚባለው የግብር ቅጽ ነው። እንደዚህ አሥር ዓመት ብትቆይ ረዳት ሆነህ ትቀራለህ፤ ከጣሪያ ብትወድቅም የሥራ ላይ አደጋ ካሳ ላታገኝ ትችላለህ። አሠሪህ በደብሊው-2፣ ማለትም ግብር ከደመወዙ እንደሚቆረጥለት ተቀጣሪ፣ እንዲቀጥርህና በካሜራ ለሚደረገው ምርመራ ይዞህ እንዲወጣ ጠይቀው። ኤን ኤፍ ፒ ኤ 211 የተባለው የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደኅንነት ደንብ ቤት ሲሸጥ ውስጡን የሚያሳየው ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ እንዲደረግ ስለሚጠይቅ፣ ምርመራ የሚያውቅ ሰው የብርዱን ወቅት ብቻ አይጠብቅም። ቀጥሎ የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደኅንነት ተቋም ለሚሰጠው የምስክር ወረቀት ተዘጋጅ፤ በራስህ ስም ሥራ መዋዋል ስትፈልግ ደግሞ በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልግሃል።

አሮጌው ሸክላ ሲሰበር የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ ፊትህ ላይ በልክ የሚገጥም ጭንብል ሳይሰጥህ አትግባ። ደካማ ነው ያልከኝ እንግሊዝኛህ የምርመራ ሪፖርት በመጻፍ ይሻሻላል። የነገርከኝ ከፍታ መፍራትህ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀህም ካልለቀቀህ ግን ሥራውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው፤ የአክስትህ ሐፍረት ግን አይደለም። ነርሲንግን አንተ ራስህ የምትወደው ከሆነ (በደብዳቤህ አንድም ቦታ እንደምትወደው አላልክም) በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰድክ ልትሞክረው ትችላለህ።

አሠሪህን ከመስከረም በፊት አነጋግረው። እምቢ ካለህ፣ መጸው ሌሎቹ ድርጅቶች ሠራተኛ አጥተው የሚጨነቁበት ወቅት ነው።