በዕድሜ የገፉ ወላጆች፣ የቆዳ ካንሰርና የጨረር ሕክምና፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ለደረሱኝ ጥያቄዎች

በጨረር ሕክምና ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ታማሚውን ሳላይ የጨረር መጠን አልወስንም፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው።

አባቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ጉንጫቸው ላይ የወጣው ቀላ ያለ እብጠት ሳያማቸው በሁለት ወር ውስጥ በጣም አደገ። ውጤቱ «መርከል ሴል ካርሲኖማ» ይላል። በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ታዲያ ጨረሩ ለምን አስፈለገ?

እብጠቱ ስለወጣ በሽታው አብሮ ወጥቷል ማለት አይደለም። መርከል ሴል ብዙ ጊዜ የማያም፣ ግን በፍጥነት የሚያድግ ብርቅ ካንሰር ነው፤ በብዛት የሚታየው በአረጋውያን ላይ፣ ፀሐይ ባገኘው ቆዳ ነው። በቁስሉ ዙሪያ በዓይን የማይታይ ቅሪት ይተዋል፣ ወደ አንገት ንፍፊትም ቶሎ ይሄዳል። ደግነቱ ለጨረር በቀላሉ ይሸነፋል። የተለመደው በቀን 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በሳምንት አምስት ቀን ሆኖ በጠቅላላው ከ50 እስከ 60 ግሬይ ነው፤ አምስት ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ቁስሉ እንደዳነ መጀመር አለበት። «መኸሩ ይግባና እንወስዳቸዋለን» የሚል ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ በሽታ መኸር አይጠብቅም። የአንገታቸው ንፍፊት ተመርምሮ እንደሆነም ዛሬውኑ ጠይቁ።

ያቃጥላል?

ጨረሩ ሲሰጥ ምንም አይሰማም። ታማሚው ይተኛል፣ ፊት ላይ ከሆነ ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ በልኩ የተሠራ ጭንብል ይደረግለታል፣ ባለሙያው ወጥቶ በካሜራ ይከታተላል፣ መሣሪያው ዙሪያውን ይዞራል፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ማቃጠሉ የሚመጣው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቆዳው ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይላጣል፣ ድካምም አለ። ቅቤም ሆነ የባህል ቅጠል አትቀቡ። ለብ ባለ ውኃ ሳይፈተግ ይታጠብ፤ በልስልስ ነጠላ ከፀሐይ ይከለል። ቆዳው ላይ የተሰመረው ምልክት ከደበዘዘ በእስክሪብቶ አታድምቁት፤ ለባለሙያው ንገሩ።

እናቴ የልጅ ልጆቻቸውን ማቀፍ ይችላሉ?

ይችላሉ። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም።

እናታችን 84 ዓመት ሆኗቸዋል። ዘመዶች «በዚህ ዕድሜ ለምን ይንገላታሉ» ይላሉ።

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እናትየው ሳይጠየቁ ይሰጣልና። ዕድሜ ብቻውን ጨረር አይከለክልም። ማየት የሚገባው ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ ወይ፣ ልብና ኩላሊታቸው እንዴት ነው፣ ጸጥ ብለው መተኛት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። ደግሞም ሁሉም ሕክምና ስድስት ሳምንት አይፈጅም። ለሚደማ ወይም ለሚያሠቃይ እብጠት ማስታገሻ እንዲሆን አንድ ቀን ብቻ 8 ግሬይ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐኪሙን «የምናክመው ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ? አጭሩ መንገድ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እናታችሁም ይስሙት።

የአጎቴ ውስጥ እግር ላይ ጥቁር ነጥብ እየሰፋ ነው። ጨረር ይጠቅማቸዋል?

መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ። በእኛ አገር ሰው ሜላኖማ (ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር) በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ዋናው ሕክምናውም ቀዶ ሕክምና እንጂ ጨረር አይደለም። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣና የማይድን ቁስልም እንዲሁ መመርመር አለበት። በጋለ ብረት ማስተኮስ ግን ምርመራውን ከማዘግየት በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ባሕር ዳር ላይ የት እንጀምር?

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ጀምሩ። ለጨረር የአገሪቱ ሰው ለረጅም ዘመን የሄደው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ነው፤ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀጠሮ ሳትይዙ አረጋዊ ይዛችሁ አትነሡ። የፓቶሎጂውን (የናሙና ምርመራውን) ውጤት ወረቀት ብቻ ሳይሆን ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክም ጠይቃችሁ ያዙ፤ አለዚያ እንደገና ናሙና ሊወሰድ ይችላል።

ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ አባቴ ካልጾምኩ ይላሉ።

ነፍስ አባታቸውን አነጋግሩ፤ ለታማሚ ፈቃድ አለ። እምቢ ካሉም ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው አይጉደልባቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ውኃ ሳይቀምሱ አይቆዩ። የጣና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ ክብደታቸውን ግን በየሳምንቱ መዝኑ፣ ከቀነሱም ለሐኪሙ ንገሩ።