ያቺ ከባቄላው ማዶ ያለች ማሳ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ማታ ማታ ትዝ ትሉኛላችሁ። ሒሳብ የምታጠኑት፣ እርሻ የምታጠኑት፣ ኮምፒዩተር ላይ የምታመሹት። ከልቤ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለኝ።

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ የስንዴ ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ ላሳይ ተነሣሁ። የተማርኩት ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ማለትም አንድ ነገር በጊዜ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚያሰላ ቀመር ስለነበር በእሱ ሠራሁት። ጤነኛው ስንዴ ይህን ያህል፣ የታመመው ይህን ያህል፣ በቀን የሚጨምረው ይህን ያህል። ግራፉ በጣም አማረብኝ። ይዤው ባሶና ወራና ውስጥ ወደ አንድ አባት ማሳ ወረድኩ። ቢጫው ዱቄት ቅጠሉ ላይ በተርታ ተሰልፏል። ዳበስ ሳደርገው ጣቴ ቢጫ ሆነ። አባባ ግራፉን አየት አድርገው መለሱልኝና በበትራቸው ያመለክቱ ጀመር። «ያኛውን በላው። ይሄንንም በላው። እዚህ ባቄላው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከማዶ ደግሞ ያቺን ቁራጭ ብቻ ይዟታል» አሉኝ።

የኔ ኢኩዌሽን ባቄላን አያውቅም። አገሩን ሁሉ አንድ ላይ አቡክቶ አማካይ ያወጣል። አባባ ግን የሚያዩት ማሳን ከነጎረቤቱ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ወረቀት አወጣሁ። አንዱ ካሬ አንድ ማሳ ሆነ። ስንዴ፣ ባቄላ ወይም የታመመ ስንዴ። ደንቡ አጭር ነው፤ ከአራቱ ጎረቤቶቹ አንዱ የታመመበት ስንዴ በሚቀጥለው ዙር ይታመማል። በእርሳስ ዙር በዙር አጠቆርኩ። በሽታው ባቄላው ጋ ሲደርስ ቆመ። ደስታዬን አልረሳውም።

ይህ በካሬና በጎረቤት ደንብ የመሥራት መንገድ ሴሉላር ኦቶማታ ይባላል፤ ከኔ በፊት ብዙ ተሄዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሒሳብ ሊቃውንቱ ስታኒስላቭ ኡላም እና ጆን ቮን ኖይማን ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1970 «ጌም ኦፍ ላይፍ» (የሕይወት ጨዋታ) የተባለው የእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የጆን ኮንዌይ ጨዋታ ለሕዝብ ወጣ። እያንዳንዱ ካሬ ስምንት ጎረቤቶች አሉት። ሕያው የሆነው ካሬ ሁለት ወይም ሦስት ሕያው ጎረቤት ካለው ይቆያል፣ አለዚያ ይሞታል። ባዶው ልክ ሦስት ሕያው ጎረቤት ሲያገኝ ሕይወት ይዘራል። ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ግላይደር የሚባል ባለ አምስት ካሬ ቅርጽ ይወጣል። በየአራት ዙሩ መልኩን መልሶ ይዞ በሰያፍ አንድ ካሬ ይራመዳል። ደንቡ ውስጥ ግን «ተራመድ» የሚል ቃል የለም። እባካችሁ ይህን በእጃችሁ ሥሩት፣ ኮምፒዩተሩ ይቆይ። ገበጣ የተጫወታችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ጠጠር መዝራት ቀላል ነው፤ ከአምስት ዙር በኋላ ጠጠሩ የት እንደሚከማች መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላውም ሳይንስ ያው ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ስቱዋርት ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1969 ጂኖችን እንደ መብራት በርተው ወይም ጠፍተው አሰባቸው፤ እያንዳንዱም የሚበራው ወይም የሚጠፋው ከእሱ ጋር የተያያዙትን አይቶ ነው። ናግልና ሽሬከንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1992 መንገድን በኮምፒዩተር ላይ በካሬ ከፋፍለው መኪና ነዱበት። አንዱ ሾፌር ያለ ምክንያት ትንሽ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው መንገዱ ይዘጋጋል። አዲስ አበባ መግቢያ ላይ አደጋ ሳይኖር ቆማችሁ ታውቁ የለ?

አሁን ደግሞ ስለ ስህተቴ ልንገራችሁ። ካሬዎቹን በዕጣ ስንዴና ባቄላ ብናደርጋቸው፣ በአራት ጎረቤት ደንብ፣ ስንዴው ከመቶ 59 ገደማ ካለፈ በሽታው ሰፊውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ከዚያ በታች መሐል ላይ ይቀራል። ይህን ሳውቅ ቁጥሩን ለገበሬ ልሰብክ ነበር። ግን ሰያፉንም ጎረቤት ብላችሁ ስትቆጥሩ 59 የነበረው ወደ 41 ይወርዳል። ቁጥሩ የወረቀቱ እንጂ የማሳው አይደለም። ልጆቼ፣ ሞዴል የሰጣችሁን ቁጥር ለሰው ከመንገራችሁ በፊት ደንቡን አንድ ቦታ ነካ አድርጉና ቁጥሩ ምን እንደሚሆን እዩ። በዚህ ቁጥር የሚዘራ ሰው አለ፣ ያ ሰው ልጆች ያበላል።

ሌላው ደግሞ ያቺ ማዶ ያለችው ቁራጭ ነበረች። ወረቀቴ ላይ ጤነኛ ናት፤ አባባ ግን ታማለች ብለውኛል። የነገሩኝን ግማሹን ብቻ ነበር የሰማሁት፣ ለደንቤ የሚመቸውን። ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አባባ ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን በነፋሱ አቅጣጫ ዘርጋ አደረጉት። የዋግ ዘር በነፋስ ተሳፍሮ ሩቅ ይሄዳል፣ ድንበር አይጠብቅም። ይህንን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ ደንቤ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ማታ ደንቡ ላይ ዕጣ ጨመርኩበት። የታመመ ማሳ አልፎ አልፎ፣ የዕጣ ጠጠር (ዳይስ) እየተጣለ፣ ራቅ ወዳለ ካሬ ይዘላል። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ያቺ ቁራጭ በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች።