የማሟያ ጠርሙሶቹን ያቆዩአቸው፤ ቫልቩን ይፍቱት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ የኮራል አኳሪየማቸውን፣ ማለትም ሕያው ኮራል የሚያኖሩበትን የጨው ውሃ ገንዳ፣ ውሃ አስመርምረው ውጤቱ ግራ አጋብቷቸዋል። ካልሲየም 394፣ ማግኒዥየም 1,230፣ ፖታሲየም 382 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ውሃ፤ መዳብ 38፣ ዚንክ 60 ማይክሮ ግራም በሊትር፤ እርሳስም በጥቂቱ ታይቷል። ብረት፣ ኒኬልና ክሮሚየም ከፍ አላሉም። ቀንድ አውጣዎቹ እየሞቱ ነው፤ ኮራሎቹም ተኮማትረዋል። በሪፍራክቶሜትራቸው (በብርሃን ጨዋማነትን በሚለካው መሣሪያ) ጨዋማነቱ ልክ 35 ነው፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው አለ ይላሉ። የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ማሟያ ገዝተው ሊጨምሩ ተዘጋጅተዋል።

አይጨምሩ። ጨዋማነቱ 35 የሆነ የባሕር ውሃ ካልሲየም 412፣ ማግኒዥየም 1,285፣ ፖታሲየም 399 ገደማ አለው። የእርስዎ ሦስቱም ከዚህ በአራት በመቶ ገደማ ዝቅ ብለዋል። ኮራል ካልሲየምን ለአጽሙ ይወስዳል፤ ፖታሲየምን ግን በዚያ መጠን አይነካም። ሦስቱ እኩል ከወረዱ የጎደለው ጨው ራሱ ነው፤ የእርስዎ ውሃ 35 ሳይሆን 33.5 አካባቢ ነው ብዬ እገምታለሁ። ጥፋተኛውም ሪፍራክቶሜትርዎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ስንቱ ገንዳ በዚህ ጉዳይ ሲጎዳ አይቻለሁና። ሪፍራክቶሜትር ጨውን አይቆጥርም፤ ብርሃን በውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ብቻ ያያል። የርካሾቹ መለኪያ መስመር ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለገበታ ጨው ሙሙት ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ሰልፌትና ካልሲየም ስላለበት ብርሃንን የሚያጥፈው በሌላ ልክ ነው፦ 35 የሆነ የባሕር ውሃ ብርሃንን የሚያጥፈው 36.5 የሆነ የገበታ ጨው ሙሙት በሚያጥፈው መጠን ነው። ስለዚህ መሣሪያው ትክክለኛውን ውሃ «36.5» ይለዋል፤ ባለቤቱም ደንግጦ ንጹህ ውሃ እየጨመረ «35» እስኪል ያቀጥነዋል። በተጣራ ውሃ ዜሮውን ማስተካከልም አያድንም፤ ዜሮው ላይ ሁለቱ መስመሮች ይስማማሉ፤ ስህተቱ የሚሰፋው ወደ ላይ ሲወጡ ነው። ዜሮው ልክ ሆኖ ሴንቲሜትሮቹ ያጠሩ ሜትር ማለት ነው። መፍትሔው መሣሪያውን እዚያው በሚለኩበት ቦታ ላይ ማስተካከል ነው። 36.5 ግራም ንጹህ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ ያሟሙ፤ ጠብታውን ያስቀምጡና መሣሪያው 35 እስኪል ብሎኑን ያዙሩ። የኩሽና ሚዛን ግራሙን ከነአሥረኛው ካላሳየ ሚዛን ይዋሱ።

አሁን ወደሚገድለው ነገር፣ ወደ መዳቡ። መዳብ፣ ዚንክና ጥቂት እርሳስ አብረው ከመጡ ምንጩ ናስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። የማይዝግ ብረት ወይም የተሰነጠቀ የፓምፕ ማግኔት ቢሆን ኖሮ ብረት ወይም ኒኬል ከፍ ይል ነበር። በደብዳቤዎ መካከል ያለፉት ነገር ግን ዓይኔን ይዞታል፦ ከወራት በፊት ውሃውን ከፓምፑ ወደ ገንዳው የሚመልሰው ቧንቧ ሲያፈስ አንድ ጠጋኝ «የማይዝግ» ብርማ ቫልቭ ገጥሞልዎታል። ይህ ዓይነቱ ዕቃ ላዩ ክሮም፣ ውስጡ ናስ ነው፤ ለመታጠቢያ ቤት ተሠርቶ ለጨው ውሃ የተገጠመ። ጠጋኙ የፈሰሰውን አቁሞ ገንዳውን መረዘው! ጥሩ የፕላስቲክ ቫልቭ ከዚያ ርካሽ በሆነ ነበር።

ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ነገር ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ከዚያ ፓምፑ ሲቆም ወደ ታች የሚመለሰውን ውሃ የሚይዝ ባልዲ አዘጋጅተው ቫልቩን ይፍቱ፤ ጥግ ላይ በሞረድ ይጫሩት። ቢጫ ከታየ ጉዳዩ አልቋል። በማግኔት አይፈትኑት፤ ናሱም ጥሩው የማይዝግ ብረትም አይሳቡም። በምትኩ የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቫልቭ ይግጠሙ።

ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ሃያ በመቶ ይቀይሩ፤ አዲሱን ውሃ በተስተካከለው መሣሪያ 35 አድርገው። አራት ጊዜ ሲቀይሩ መዳቡ ወደ 16 ይወርዳል፤ ቀሪውን ደግሞ መዳብ የሚይዝ ሬዚን (በማጣሪያ ውስጥ የሚቀመጥ ጥራጥሬ) ያነሳዋል። ጨዋማነቱም በዚያው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ከ1 በላይ አያስወጡት። በገንዳው ውስጥ ያለው አለት የጠጣውን መዳብ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ሬዚኑን ቶሎ አያውጡ፤ አዲስ ቀንድ አውጣም አሁን አይግዙ።

ደግሜ እላለሁ፦ እጅዎ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር ማሞቂያውም ፓምፑም መብራቱም ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረግበው ይንጠልጠሉ፤ ጠብታው እዚያ ይውደቅ። 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ ከሌለዎት ከሬዚኑ በፊት እሱን ያስገጥሙ።

ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ያስመርምሩ። የናሙናውን ጠርሙስ በገንዳው ውሃ አለቅልቀው በቀጥታ ከገንዳው ይሙሉ፤ በምንም ቧንቧ አያሳልፉት። ለተነነው መተኪያ ከሚጨምሩት ንጹህ ውሃም ሁለተኛ ናሙና ይላኩ፤ በዚያም መዳብ ከተገኘ ከማጣሪያው ጀምሮ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በሞረድ መጫር ሊኖርብዎት ነው።