«እዚህ ቤት ሰው አይኖርም» አልኳት

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው አዳማ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ትውልዴ ግን መንዝ ነው፣ መሐል ሜዳ ላይ ከመኪና ወርደው ሦስት ሰዓት በእግር የሚኬድበት መንደር። ብር እልካለሁ እንጂ አራት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም ነበር። ዘንድሮ ለገና ሄድኩ፤ ከተመለስኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ያደግኩበት ቤት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ግን ዐይኔ ተለውጧል መሰለኝ። የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ሣር ክዳን፣ መስኮት የለ። ማታ ኩበቱ ሲነድ ጭሱ እስከ ደረት ይወርዳል፣ ጎንበስ ካላልሽ አትተነፍሺም። ጥጃውና በጎቹ እዚያው ከኛ ጋር ያድራሉ፤ ውጭ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ሽንት ቤት የለም። የወንድሜ ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ ሳይነጋ ምንጭ ወርዳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፣ ከዚያ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። አምና ደግሞ እናቷን ምጥ ሲጠናባት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ነው መኪና ያደረሳት። ይህን የሰማሁት አሁን ለገና ስሄድ ነው፤ በስልክ ማንም አልነገረኝም።

የእናቴ ነገር ነው የባሰብኝ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ፊት ትቀመጣለች። በአንድ እጇ የተሰበረ መስታወት፣ በሌላው ወረንጦ። የዐይን ቆቧን ገልብጣ ፀጉር ትነቅላለች። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ፀጉሩ እየወጋኝ ነው፣ ጭሱ ነው እንዲህ ያደረገኝ» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። የነጠላው ጫፍ ቢጫ ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሕፃኑ በጭሱ ሲያስል አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። «እዚህ ቤት ሰው አይኖርም! አንቺ ነገ ከእኔ ጋር ነሽ» አልኳት። ቆሎውን መቁላቱን አላቆመችም። ቀና ሳትል «እኛ ታዲያ ምንድን ነን ልጄ?» አለችኝ። እትዬ፣ ይኼ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ክፍል አዘጋጅቶላታል። እሷ ግን «ቆላ ወርጄ ንዳድ ይብላኝ? ዕድሬን ለማን ትቼ?» ብላ እምቢ አለች። ወንድሜ በበኩሉ ለቆርቆሮ ብር ላኪ ይለኛል፤ ለሷ ይሁን ለራሱ አላውቅም። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ያለው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ዱሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ወጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ከገና ወዲህ የምትወጣው ልጅቷ ብቻ ናት፣ «አያቴ ደክሟታል» ትለኛለች።

ለሕክምና ነው ብዬ አታልዬ ላምጣት? ወይስ ልተዋት?

ከአዳማ

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቆርቆሮውም አዳማም ይቆዩልን፣ ከወረንጦው እንጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው።

ሐኪም ሳያያት መቶ በመቶ እንዲህ ነው አልልሽም። ግን የነገርሽኝ ነገር የዐይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን ይመስላል። ጭሱ ያባብስባታል፣ ያስለቅሳታል፣ ግን ፀጉሩን ወደ ውስጥ ያጠፈው ጭስ አይደለም። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስ ኢንፌክሽን ነው። በእጅ፣ በጋራ ጨርቅ፣ በዝንብም ይተላለፋል። በተመላለሰ ቁጥር የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያቆስላል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፣ ዐይኗን ባርገበገበች ቁጥር ማለት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃው ሕፃናት አቅፈው፣ ንፍጥና ዐይናር እየጠረጉ ስለሚውሉ ነው።

መንቀሉ ለጊዜው ያሳርፋታል። ግን ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል፣ አጭርና ደረቅ ሆኖ፣ ያ ደግሞ የባሰ ይወጋል። ዝም ከተባለ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ይሠራል፤ በዚያ የጠፋ ብርሃን አይመለስም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፣ ይህን በደስታ ነው የምነግርሽ። ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ። ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል፣ ብዙውን ጊዜ በነጻ። ቆቡ ብቻ ይደነዝዛል፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች፣ ፋሻው በማግስቱ ይፈታል። ለዚህ አዳማ ድረስ መምጣት አያስፈልጋትም። በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ። ወንድምሽ የጤና ኤክስቴንሽኗን «እናቴ ፀጉር ትነቅላለች» ብቻ ይበላት፣ ወዲያው ይገባታል፣ የት እንደምትልካትም ታውቃለች። ለበቅሎው ኪራይ አንቺ ብር ላኪ።

ልጆቹም ይታዩ። ሕፃኑና ያቺ ውሃ የምትቀዳው ልጅ አሁን ላይ ያሉት እናትሽ ከ50 ዓመት በፊት በነበረችበት ቦታ ነው። አንቺም ያደግሽው እዚያው ቤት ስለሆነ አንድ ቀን ዐይንሽን ተመርመሪ።

አዳማ ስለማምጣቱ፣ አታታልያት፣ በፍጹም። ስለ ንዳዱም እውነቷን ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አዳማ ደግሞ 1,600 ገደማ። ወባ የቆላና የወይና ደጋ በሽታ ነው፣ አዳማም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ደጋ የኖረ ሰው ሰውነት ወባን አያውቃትም፣ ስትይዘው ትጠናበታለች። ልትጠይቅሽ ከፈለገች በበጋ ትምጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ወቅት ትለፈው፣ አጎበር ስቀይላት። ዕድሩን ደግሞ እንደ ሰበብ አትይው። የወንድምሽን ሚስት በቃሬዛ የተሸከሙት እነማን ይመስሉሻል?

ቆርቆሮውን በተመለከተ ወንድምሽን አትጠርጥሪው፣ ግን አትቸኩዪ። የሣር ክዳን ቀስ እያለ ጭሱን ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ አያሳልፍም። ማውጫ ሳይበጅለት ቆርቆሮ ቢመታ ጭሱ ይብስባቸዋል፣ ሌሊቱም ይበርዳል፤ ጓሳ ሙቀት ይይዛል። እኔ ብሆን ገንዘቡን መጀመሪያ ለብቻዋ ቆማ ለምትሠራ ትንሽ ማድቤት አውለው ነበር፤ እሷን ቆርቆሮ አልብሷት፣ ከላይ የጭስ መውጫ ይኑራት። ለእንጀራው ከሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ግዙላት፣ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የተረፈው ኩበት ማሳ ይገባል፣ መሬቱም ርቦታል።

ከዚያ ሽንት ቤት። ይኼ ከዐይኗ ጋር ምን አገናኘው ትይ ይሆናል። ዐይን ላይ የምታርፈው ዝንብ በዋናነት የምትራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ መክደን ብር ሳይሆን ጉልበት ነው የሚጠይቀው፣ ወንድምሽ አለው። ለጥጃውና ለበጎቹም ከቤቱ ጎን ተለጥፎ ነፋስ የማይገባው በረት ይሥራላቸው። ውሃው ግን ይከብዳል፣ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለምና። ምንጩን ማጎልበት የቀበሌውና የመንደሩ ሥራ ነው። እስከዚያው ጀሪካኑን ባለ 10 አድርጉላት። ለአህያ መግዣ ካለሽ ደግሞ ከቆርቆሮው በፊት አህያዋን አስቀድሚ፣ ልጅቷ ደወል ሳይደወል ትደርሳለች።

አሁን ወደዚያ ማታ ልመልስሽ። የተናገርሽው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። አንቺን በዚያ ጭስ ውስጥ አሳድጋ፣ በዚያው ኩበት ገንፎ ሠርታ አብልታሽ፣ ልጇ ተመልሳ መጥታ ቤትሽ የሰው አይደለም አለቻት። የምትቆላው ቆሎ እኮ ላንቺ ስንቅ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ በዐይኗ አትጀምሪ፣ በብሩም አትጀምሪ። ለልጅቷ ዛሬውኑ ንገሪያት፦ «እሑድ አያትሽን ይዘሽ ውጪ፣ አንድ የምላት ነገር አለኝ በያት።» ጉብታው ላይ ስትወጣ ትደክማለች፣ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠብቂያት። ከዚያ «እማዬ፣ ያን ማታ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ዝም ብትልሽ ስልኩን አትዝጊው።