«ወንድሜን ሌባ አልልም» አለኝ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሥራችን ባለበት አገር ነው። ድንበሩ ማዶ፣ የእሱ ቤተሰቦች አጠገብ፣ በሁለታችን ገንዘብ ቤት ሠርተናል። ስቱኮው ሲያልቅ «ቀለሙን እኔ ልግዛ» አልኩ። እዚያ የሚሸጠውን ስላላመንኩት ከዚህ ባለ 20 ሊትር ሁለት ባልዲ ገዛሁ፣ ዓይነቱንም ራሴ መረጥኩ፣ በመኪና አሻግረን ለባሌ ታናሽ ወንድም አስረከብነው። ሳሎኑንና ሦስቱን መኝታ ክፍሎች የሚቀቡትን ሰዎች የቀጠረው እሱ ነው። የእጅ ዋጋቸውን ሙሉውን አስቀድመን ከፈልን። ብዙም ሳይቆይ «ቀለሙ አልቋል፣ ተጨማሪ ያስፈልጋል» ተባለ። በፎቶ የላከልን ደግሞ እኔ የመረጥኩት ቀለም አይደለም፣ ወደ ቢጫ ያደላል። «ቀለሜን ሸጠው በርካሽ ቀይረውታል» ስለው ባሌ «ወንድሜን ሌባ አልልም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። በኋላ ሳይ፣ ሳይነግረኝ ከጋራ ቁጠባችን አውጥቶ ልኮለታል። አሁን ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። የውጭው ግድግዳ ደግሞ ገና አልተቀባም። አብዝቼዋለሁ ወይስ እየተሞኘሁ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጠላልፏል። አንዱ የቀለሙ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የባልሽ። ከቀለሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም ቤታችሁ ውስጥ ይህ ሁሉ የተነሳው የቀለሙን ነገር ማንም ሳያጣራ ነው።

እስኪ 40 ሊትር ይበቃ እንደነበር አብረን እናስላ። የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ሲቀባ 1 ሊትሩ በአንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀባ፣ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከምርት ምርት ይለያያል፣ ባልዲው ላይ ግን ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የክፍሎቹን ስፋት አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ ለምሳሌ ያህል መኝታ ክፍሎቹን 4 በ4፣ ሳሎኑን 5 በ6፣ ከፍታውን 2.80 ሜትር አድርገን እንያዘው። ግድግዳው ብቻ ወደ 196 ካሬ ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 170 ገደማ ይሆናል። ኮርኒሱም በዚያው ቀለም ይቀባ ከተባለ 78 ካሬ ይጨመርበታል፣ በድምሩ 250 ገደማ ማለት ነው። ሁለት እጅ ሲቀባ 500 ካሬ ሆነ። ይህ 50 ሊትር ይጠይቃል፣ አንቺ የላክሽው 40 ነው።

በዚያ ላይ አዲስ ስቱኮ ቀለም ይጠጣል። ከሥር ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት) ካልተቀባ የመጀመሪያው እጅ ግድግዳው ውስጥ ይገባና ከተገመተው በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «አልቋል» ያሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ ነው አላልኩም። ቤታችሁ ከዚህ ምሳሌ የሚያንስ ከሆነ፣ ወይም ኮርኒሱ ካልተቀባ፣ ሒሳቡ ወደ አንቺ ጥርጣሬ ያጋድላል። መፍትሔው ሜትር ይዞ መለካት ነው። እስካሁን ግን ማንም አልለካም፣ አንቺም፣ ባልሽም፣ ወንድሙም። ሳይለካ አንዱ ሌባ ተባለ፣ ሌላው ንጹሕ ተባለ።

ቢጫ ስለሆነውም ነገር እንዲሁ። ፎቶው መቼ ነው የተነሳው? በማታ፣ በአምፖል ብርሃን ከሆነ ነጭ ግድግዳም ወደ ቢጫ ያደላል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ቀለሙን በራሱ ግምት ያስተካክላል። ያልደረቀ ቀለምም ሲደርቅ የሚሰጠውን መልክ አይሰጥም። ስለዚህ ሁለት ፎቶ እንዲላክልሽ ጠይቂ። አንዱ በቀን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ይሁን። ወረቀቱም በፎቶው ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የካሜራው ነው። ሁለተኛው የባዶ ባልዲዎቹ ይሁን፣ የቀለሙ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ እየታየ። በተጨማሪ ገንዘብ እዚያ የተገዛ ቀለም ካለም የእሱም ባልዲ አብሮ ይነሳ። በነገራችን ላይ እዚያ የተገዛው የሌላ ድርጅት ምርት ከሆነ፣ ማንም ምንም ሳይሰርቅ፣ አንዱ ግድግዳ ከሌላው ሊለይ ይችላል።

ቀለሙ ውሃ በዝቶበት ቀጥኖ ከሆነም ይታወቃል። ሁለት እጅ ተቀብቶ ስቱኮው ከሥር የሚታይ ከሆነ፣ ከደረቀ በኋላም በእጅ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ መዳፍ ላይ የሚቀር ከሆነ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። ትንሽ ውሃ መጨመር ግን በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ ለመጀመሪያው እጅ ብዙ አምራቾች ራሳቸው ይፈቅዱታል፣ መጠኑም ባልዲው ላይ አለ።

አሁን ወደ ባልሽ ልምጣ።

ባልሽ ሳይነግርሽ ከጋራ ቁጠባችሁ ገንዘብ ማውጣቱ ስህተት ነው። ይህን ላድበሰብሰው አልፈልግም። ወንድሙ ታማኝ ሆኖ ቢገኝ፣ ቀለሙም በእርግጥ አልቆ ቢሆን እንኳ ስህተቱ ስህተት ነው። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነው ቢልሽም አትቀበይው፣ ምክንያቱም ያመመሽ መጠኑ አይመስለኝም። አብራችሁ በገነባችሁት ቤት ጉዳይ ውሳኔው ካንቺ ጀርባ ሲያልቅ፣ ከፋይ ሆነሽ ባለቤት ያልሆንሽ መስሎ ይሰማሻል። ቤቱ ሩቅ መሆኑ ደግሞ ያባብሰዋል። ሄደሽ አታይው፣ ግድግዳውን አትነኪው፣ ያለሽ የሰው ቃልና ፎቶ ብቻ ነው። ያ ቃል የሚመጣው ደግሞ ከባልሽ ወገን ነው።

ግን ደግሞ እሱ የቆመበትን ቦታ እዪው። ከአንቺ አፍ የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ሸጠውታል» ነበር። በዚያች ደቂቃ ምርጫው ሁለት ሆነ፣ ወይ አብሮት ያደገውን ወንድሙን መክሰስ፣ ወይ አንቺን ዝም ማሰኘት። ብዙ ሰው እንዲህ ሲጣበብ ቀለም መቁጠር ትቶ ለሥጋው ጠበቃ ይሆናል። «ስንት ካሬ ነው የተቀባው?» ብትይው ኖሮ ምናልባት ስልኩን አንስቶ ይደውል ነበር። ስለ ካሬ መጠየቅ ቀላል ነው፣ ስለ ሌብነት መጠየቅ ግን ለማንም ወንድም ከባድ ነው። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ወዳንቺ ለመግፋት አይደለም፣ በሚቀጥለው ንግግር በየት በኩል እንደምትገቢ እንድታውቂው ነው።

ስለ ዋርሳሽም አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤሽ ውስጥ እሱ ወይ ተቀባይ ነው ወይ ተጠርጣሪ። ቀቢ ያፈላለገው፣ በር የከፈተው፣ ሥራውን ትቶ የዋለው ግን እሱ ነው። ተከፍሎታል? ተመስግኗል? አልጻፍሽልኝም። ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ባልና ሚስትን ለየብቻ በቤት ውስጥ ሥራ ያላቸውን ድርሻ እንዲገምቱ ጠይቀው ነበር። የሁለቱ ግምት ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው ይበልጥ ነበር። ሰው ራሱ የደከመው ቶሎ ይታወሰዋል፣ የሌላው ድካም ግን ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ፊት የለም። እናንተ ዘንድ ደግሞ ድንበር ተጨምሮበታል። አንቺ ባልዲ ተሸክመሽ ያሻገርሽው አንቺ ጋ ነው ያለው፣ እሱ አቧራ ውስጥ የዋለው እሱ ጋ ነው። ባልሽ መሐል ሆኖ የሁለታችሁንም ድካም ይሰማል፣ ለሁለታችሁም በቅጡ አያደርስም።

ሌላም አለ። ቀለም ከዚህ ገዝተሽ ማሻገርሽ በሙያ በኩልም ብዙ አያስመሰግንም፣ ይቅርታሽን። ቢጎድል እዚያ መሙላት አይቻልም፣ ቢበላሽ መመለስ አይቻልም። ድንበሩ ላይም የጉምሩክ ጣጣ አለ፣ ምን ያህል ያለ ቀረጥ እንደሚያልፍ ከመግዛትሽ በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ደረሰኙም አብሮ መያዝ አለበት። ለብረት በርና መስኮት የሚሆነው የዘይት ቀለምና ማቅጠኛው ደግሞ በቀላሉ እሳት የሚይዙ ናቸው፣ በአውሮፕላን ሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀዱም፣ በመኪናም ልጆች ካሉበት ጋር ባይጫኑ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባልዲዎቹ ሲደርሱ ለባልሽ ቤተሰቦች የነገሯቸው ነገር አለ፦ «አላምናችሁም»። አንቺ እንደዚያ ለማለት ባታስቢም እነሱ ሊሰሙት ይችላሉ።

ስለዚህ የውጭው ግድግዳ ላይ እንዲህ አድርጉ ነው የምለው። ቀለሙ እዚያው ይገዛ፣ ዓይነቱንና ቁጥሩን አንቺ ምረጪ፣ ዋጋውን ከሱቁ በቀጥታ ጠይቀሽ ብትችዪ ለሱቁ በቀጥታ ክፈዪ። ከመገዛቱ በፊት ግድግዳው ይለካ፣ የሚፈጀው ሊትር ተሰልቶ ከአንድ አሥረኛ ያህል ጭማሪ ጋር ሁሉም ይወቀው። ትንሽ ቦታ ላይ ለሙከራ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ፎቶው ይምጣልሽ። ቀቢዎቹ በቀን ሳይሆን በካሬ ወይም በጥቅል ይስማሙ፣ ስንት እጅ እንደሚቀቡም ወረቀት ላይ ይስፈር። ክፍያውን ግን ባለፈው እንዳደረጋችሁት አስቀድማችሁ አትጨርሱት። ቀብድ ስጡ፣ የመጀመሪያው እጅ ሲያልቅ ጨምሩ፣ የቀረውን ሥራው ታይቶ ሲያበቃ ስጡ። ገንዘቡን ጨርሶ የተቀበለ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ሲጠራው ቢሄድ አይገርምም።

እነዚህ ሁሉ ሥራው ሳይጀመር ለሁሉም ሰው ይነገሩ፣ ለዋርሳሽም። ይህ ለትዳርሽም ነው የሚጠቅመው። መጠየቁ ከመጀመሪያ የሥራው ደንብ ከሆነ፣ በየደረጃው ፎቶና ደረሰኝ መላክ የተለመደ ነገር ይሆናል፣ ባልሽም ወንድሙን «እስኪ አሳየኝ» ሲለው እየከሰሰው አይመስለውም። ለድካሙም የሆነ ነገር ይወሰንለት፣ ገንዘብም ይሁን ሌላ፣ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ። በነጻ የሚያሠሩት ሰው ሒሳብ ሲጠየቅ ከሌላው ይልቅ ይከፋል።

ከባልሽ ጋር የምትነጋገሪው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ስልክ ሳይኖር፣ ልጆች ሲተኙ፣ በተናደድሽበት ሰዓት ሳይሆን። በእኔ ግምት እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ይቀልሻል፦ «ሸጠውታል ያልኩት ሳላጣራ ነው፣ ያን ማለት አልነበረብኝም። ገንዘቡን ሳትነግረኝ መላክህ ግን አሞኛል፣ ያ ቤት የኔም ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። ሊከላከል ይችላል፣ ይጨርስ። «ወንድምህ» የሚለውን ቃል በተቻለሽ መጠን አታንሺው፣ ምክንያቱም የምታወሪው ስለ ሁለታችሁ ነው። ከዚያ አንድ ውሳኔ ላይ ድረሱ፦ ከዚህ መጠን በላይ ማንኛችንም ሳንነጋገር ከጋራ ገንዘብ አናወጣም። መጠኑን ራሳችሁ ቁረጡ። ይህ ደንብ አንቺንም ይመለከታል፣ ለወገኖችሽ ስትልኪም ጭምር።

ፎቶዎቹን የሚጠይቀው ባልሽ ይሁን፣ አንቺ በቀጥታ አትደውዪ። ለወንድሙ «ለሚቀጥለው ሥራ ልክ እንድናውቅ ለካልን» ይበለው። ይህ ማስመሰያ አይደለም፣ ልኩ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል። ልኩ መጥቶ 40 ሊትሩ እንደማይበቃ ከታየ ዋርሳሽን ደውለሽ አመስግኚው፣ ይህንን አንቺው ራስሽ አድርጊው። እጅግ ተርፎ መገኘት ነበረበት ከተባለ ደግሞ ቁጥሩን ባልሽ ፊት አስቀምጪና እሱ ይፍረድ። ቁጥር ከአንቺ ቁጣ ይልቅ ለእሱ ለማየት ይቀለዋል።

እኔ የሰማሁት ያንቺን ወገን ብቻ ነው። ከዚህ በፊትም ሳይነግርሽ ገንዘብ ያወጣ ከነበረ፣ ወይም ስትጠይቂው የሚያስፈራራሽ፣ ሒሳቡን ከልክሎ የሚይዝብሽ ከሆነ፣ ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የትዳር አማካሪ ጋር ሂዱ፣ እሱ እምቢ ካለም ብቻሽን ሂጂ። ነገሩ የዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ተቀምጣችሁ እስክትስማሙ የውጭውን ግድግዳ አታስጀምሩት። አዲስ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት፣ ከዚያ በላይ ቢቆይም የባሰ ይደርቃል እንጂ አይጎዳም።