የጠቆረው የመዳብ ዱቄት ተበላሽቷል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከውጭ ያስመጣነው 25 ናኖሜትር የመዳብ ዱቄት ብልቃጡ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አሁን ጥቁር ነው። ልጣለው? ስይዘውስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ በቀለሙ ብቻ አትፍረጂ። የመዳብ ሽቦ ቀይ ነው፤ ይህን ያህል የደቀቀ መዳብ ግን ገና ሲመጣም ጠቆር ሊል ይችላል። ቢሆንም ሁለት ሳምንት አየር ካገኘው ኦክሳይድ ሳይሆን አልቀረም። የዚህ ዱቄት 1 ግራሙ ብቻ ወደ 27 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ አለው፣ የአንድ ሰፊ ሳሎን ወለል በይው፣ ያ ሁሉ ገጽ ኦክስጅን ሲያገኝ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኤክስአርዲ (ቁሱ ምን እንደሆነ በኤክስሬይ ለይቶ በግራፍ የሚያሳይ ምርመራ) አስነሺው። ከመዳብ በሚመነጨው በተለመደው ኤክስሬይ ንጹሕ መዳብ 43.3 ዲግሪ አካባቢ ጎልቶ ይታያል፤ 35.5 እና 38.7 ላይ ጫፍ ካየሽ ጥቁሩ ኦክሳይድ ገብቶበታል።

አያያዙን በጣም አደራ። ግላቭ ቦክስ (ጓንት የተገጠመለት ዝግ ሳጥን) ውስጥ፣ በአርገን፣ ማለትም ከመዳቡ ጋር በማይዋሃድ ጋዝ፣ ክፈቺው። ደረቁ ዱቄት በእሳት ፍንጣሪ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከተቀጣጠለም ውኃ እንዳታፈሺበት። ተራው የሐኪም ማስክ አያድንሽም። ከፈሰሰ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው እንጂ በመጥረጊያ አታቡኝው። ሲንክ ውስጥም አትድፊው፣ መዳብ ለዓሣ መርዝ ነው።

በሚቀጥለው ስታዝዙ በአርገን የታሸጉ ትንንሽ ብልቃጦች ጠይቁ። አንዱን ስትከፍቺ ሌላው አይነካም።