የፅንሱ አንድ ኩላሊት ለምን አልታየም?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር፣ ማራኪ ነው። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በአልትራሳውንድ የልጄ ግራ ኩላሊት አልታየም፤ የእንሽርት ውሃው ግን ልኩ ነው ተብያለሁ። አማቴ «ቧንቧ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ስለተሸከምሽ ነው» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህታችን። ጀሪካኑ እዚህ ውስጥ የለበትም። ኩላሊት መሠራት የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ5ኛው ሳምንት ነው፤ ሐኪም ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሚቆጥር በእሱ አቆጣጠር 7ኛው ይሆናል። ብዙ እናቶች ያኔ መፀነሳቸውን ገና አላወቁም።

በዚያ ሳምንት ሁለት የሕዋሳት ወገኖች መልእክት ይለዋወጣሉ። ሜዘንካይም የሚባለው ክምችት ጂዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። አጠገቡ ያለው ቱቦ ሕዋሳት ሬት በተባለ ተቀባያቸው ሲይዙት ቱቦው አቆጥቁጦ ወደ ሜዘንካይሙ ይገባል። ቡቃያው በተራው ዊንት 9ቢ የተባለ ፕሮቲን ይልካል፤ ሜዘንካይሙ ዊንት 4 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ማምረት ይጀምርና ተበታትነው የነበሩ ሕዋሳቱ ተያይዘው ኔፍሮን፣ ማለትም ደም አጣሪ ቱቦ፣ ይሆናሉ። ቡቃያው ቅርንጫፍ ባወጣ ቁጥር ይኸው ይደገማል፤ እስከ 36ኛው ሳምንት ገደማ። የመጀመሪያው መልእክት ካልደረሰ ግን ቡቃያው አይወጣም፣ ቡቃያ ያልደረሰለት ሜዘንካይምም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጂዲኤንኤፍ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ያለ ኩላሊት መወለዳቸው ይህንን አሳይቷል።

ደግሞም አልታየም ማለት የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ኩላሊት የሚበቅለው ዳሌ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣው ኋላ ነው፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርመራ ዳሌው በደንብ እንዲታይ ይጠይቁ። የልብ ምርመራም አብሮ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ሴት ከሆነች ማህፀኗ ከተወለደች በኋላ ይታይ።

የውሃው ልክ መሆን ትልቅ የምሥራች ነው። ከ16ኛው ሳምንት ወዲህ የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ ቀኙ ኩላሊት እየሠራ ነው ማለት ነው። በአንድ ጤነኛ ኩላሊት መኖር ይቻላል። ሆኖም ሽንት ወደ ኋላ የሚመለስበት ችግር አንድ ኩላሊት ብቻ ባላቸው ልጆች ላይ በርከት ስለሚል፣ ከተወለደ በኋላ አልትራሳውንድ ይደገም፤ ያልታወቀ ትኩሳት ሲኖር ሽንቱ ይመርመር። የደም ግፊቱንና በሽንት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በየዓመቱ ያስለኩለት። እናትና አባትም አልትራሳውንድ ቢነሡ መልካም ነው፤ አንዳንዴ በዘር የሚመጣ ነው።

እስከዚያው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ፤ የፅንሱን ሽንት ይቀንሳሉ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪምዎን አግኝተው ያስቀይሩ።